ደጄ ላይ የተኛው ልጅ

ዳላስ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርካዲስ፣ ልጄን የወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈውና ሰላምታው ይከተል። ሰላምታውን ካስቀደምኩ ቁጣዬ ይበርዳል፤ እንዲበርድ ደግሞ አልፈልግም።

እንዴት ከረምሽ? ያ የማያባራ ዝናባችሁ አባራ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ የሚያስቸግረኝ ጉልበቴ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ነሽና አምላክ ከክፉ ይጠብቅሽ። ምርቃቴን አልከለክልሽም፤ የምከለክልሽ ምሕረቴን ነው።

ልጄ ያፌት እዚሁ ቅርባችን ዴንተን ከተማ ይማር በነበረ ጊዜ «አንድ ክረምት እኔ ጋ መጥቶ አገር ይይ» ያልሽው አንቺ ነሽ። ተራራና ባሕር አሳየሽው፣ መርከብ አሳፈርሽው፣ ከማሪት ጋር አስተዋወቅሽው። አገር አይቶ ይመለሳል ያልኩት ልጅ የኖርዌይ ሚስት አግብቶ እዚያው ቀረ። ሠርጉን በስልክ አየሁ። የልጅ ልጄን የኤልያብን መወለድ በስልክ ሰማሁ። አሁን ጥርስ አወጣ ይሉኛል፤ ጥርሱንም በስልክ አሳዩኝ።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ዳላስ፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ነው። በስልክ ስንነጋገር ቶሎ ቶሎ ታወሪና ያልጣመሽን ትዘይዋለሽ። ወረቀት ላይ ግን የዘለልሽው ቦታ ይታያል። ስለዚህ ጻፊልኝ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ለገና ሦስቱም ሊመጡ ነው። የማሪትን አገር ወግ አላውቅም፤ አንድ ነገር ተሳስቼ ልጁን እንዳትነሳኝ እፈራለሁ። አንቺ ይህን ሁሉ ዓመት አብረሻቸው ኖረሻል። የምትሠሪውም መዋዕለ ሕፃናት ነውና እናቱንም ልጁንም ታውቂያለሽ። ምን እንደሚያስቀይማቸው፣ ምን ብዬ እንደምቀበላት አስተምሪኝ። ልጅ እንዴት እንደሚመግቡ፣ እንዴት እንደሚያስተኙ ሳይቀር ጻፊ። ልጄን ወስደሻል፤ የልጅ ልጄን እንኳ እንዴት እንደማቅፈው ንገሪኝ።

አክስትሽ እማዋይሽ


በርገን፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ እማዋይሽ፣

ከማይደርቅ ጃንጥላ ሥር ሆኜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎን እመቤታችን ታበርታልዎ። ቁጣዎ ደርሶኛል፤ ጽሕፈትዎ ግን እንዴት አምሯል! አንብቤ ስጨርስ ተቆጡኝ ብዬ ላልቅስ ወይስ ራስዎ ጻፉት ብዬ እልል ልበል፣ ግራ ገባኝ።

ትምህርቱን ከደጃፍ ልጀምር። እዚህ አገር ቤት ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ሚኒስትርም ይሁን ቧንቧ ሠራተኛ ካልሲው ይታያል፤ ካልሲው የተቀደደበት ሰው መከራውን ያያል። ምግብ ሲያልቅ የበላ ሁሉ ወደ ሠራው ሰው ዞሮ «ታክ ፎር ማተን» ይላል። ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ሕፃን እንኳ ይህን ሳይል ከማዕድ አይነሣም። ከዚህ በፊት ያገኙትን ሰው ዳግም ሲያገኙት ደግሞ «ታክ ፎር ሲስት» ይባላል፤ ባለፈው አብረን ስለነበርን አመሰግናለሁ እንደማለት ነው። እርስዎና ማሪት በስልክ ተያይታችኋልና ያስኬዳል። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይህን ቢሏት በደስታ ትፈነድቃለች።

አንቱ የሚባል ነገር የለም። ድሮ ነበር ይላሉ፤ ዛሬ ግን ሐኪሙንም፣ አስተማሪውንም፣ አለቃዬንም አንተ ነው የምለው። ስለዚህ ማሪት «እማዋይሽ» ብላ በስምዎ ብቻ ትጠራዎታለች። ንቀት እንዳይመስልዎ፤ ለነሱ ቅርበት ነው።

ድምፅ ከፍ አይደረግም። አውቶቡስ ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ ሰው አጠገብ ሄዶ መቀመጥ እብደት ይመስላቸዋል። ሳይደውሉም ሰው ቤት አይሄድም። እንደመጣሁ ሰሞን ለጎረቤቴ ትኩስ ዳቦ ይዤ በሯን አንኳኳሁ። በሩን ገርበብ አድርጋ «ቀጠሮ ነበረን እንዴ?» አለችኝ። «የለም፣ ዳቦ ነው» አልኳት። ዳቦውን ተቀበለችኝና ዘጋችው። በሳምንቱ የምስጋና ካርድ በፖስታ ላከችልኝ። የምንኖረው እኮ ግድግዳ ለግድግዳ ነው!

ከሁሉም ይህችን በልብዎ ይያዙ። ማሪት ክፍሏ ገብታ በሩን ከዘጋች አያንኳኩ። የተዘጋ በር እዚህ «ብቻዬን ተዉኝ» ማለት ነው። ምን ሆና ነው ብለው ሄደው «አመመሽ? ራበሽ?» አይበሏት፤ በራሷ ጊዜ ትወጣለች። የገዛ እናቷ እንኳ አታንኳኳም። ስለ ልጅ አያያዝም ሳይጠየቁ አይምከሩ። ያልጣመዎትን አይተው ዝም ይበሉ።

የገና ዕለት የሩዝ ገንፎ ይሥሩላት። ገንፎው ውስጥ አንዲት ለውዝ ትደበቃለች፤ ለውዟ የደረሰችው ሰው የአሳማ ቅርጽ ያለው ጣፋጭ ይሸለማል። አሳማውን ይተዉትና በሌላ ይሸልሙ። እሷም ቡናማ አይብ ታመጣልዎታለች። እንደ ካራሜላ ይጣፍጣል፤ አይብ ነው ብለው ከቀመሱት ይደነግጣሉ። ብቻ ፊትዎን አያጨፍግጉባት።

በጸሎትዎ አይርሱኝ።

ሰርካዲስ


ዳላስ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርካዲስ፣ እኔን በእርጅናዬ ያስነበበ አምላክ አንቺንም ጤና ይስጥሽ። ደብዳቤሽን እየደጋገምኩ አንብቤዋለሁ።

ትምህርትሽን ቃል በቃል ይዣለሁ። ከፎቅ ጎረቤቴ ከየትምወርቅ ጋር የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አብረን እንደምንሠራ ታውቂያለሽ። እዚያው ምሳ ጋብዛኝ «ታክ ፎር ማተን» ብዬ ተነሣሁ። «ምነው እማዋይሽ፣ ሃይማኖት ለወጥሽ እንዴ?» አለችኝ። ማጠቢያው በሙሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ግን እየተናደድኩ ነው የሣቅሁት።

በስሜ ትጥራኝ፣ እሺ። እኔ የባሌን እናት ስም እስከሞቱበት ቀን ድረስ አፌ ላይ አላወጣሁትም፤ የኔን ስም ግን የልጄ ሚስት እንደ ጓደኛዋ ትጥራው። ጫማም ይውለቅ፤ ምንጣፌ ንጹሕ ነው። ሳይደውሉ ሰው ቤት አይሄድም አልሽ፤ እኛ ሰፈር ቪከሪ ሜዶ ደውሎ የሚመጣው የቤት ኪራይ የሚጠይቀው ሰውዬ ብቻ ነው። የተዘጋ በርም አላንኳኳም። ይህን ሁሉ የማደርገው ለልጁ ስል መሆኑን ግን እወቂ። ልጁን አንድ ጊዜ ደረቴ ላይ ካስተኛሁት ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ።

አንድ ነገር ግን ዘለልሽ። ስለ እንቅልፉ ጠይቄሽ ነበር። ስለ አይብ ይህን ያህል ጽፈሽ ስለ ልጁ እንቅልፍ አንድ መስመር የለም። ሥራሽ ሕፃን ማስተኛት አይደለም እንዴ? የትምወርቅ የልጇን አልጋ አውሳኛለች፤ ከኔ አልጋ አጠገብ አድርጌዋለሁ። እዚያ ይሁን ወይስ እናቱ ክፍል? ምን ይልበስ? ቶሎ መልሺልኝ።

አክስትሽ እማዋይሽ


በርገን፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

በዓሉን በሰላም ያድርስዎ፤ ደጅዎ በልጅ ሣቅ ይሙላ። በፖስታ ስለማይደርስ ይህችን ወረቀት በያፌት እጅ ልኬያለሁ።

ስለ እንቅልፉ አያስቡ። ኤልያብ ቀን ቀን የሚተኛው በጋሪው ውስጥ ነው፤ ጋሪውን ይዘው ይመጣሉ። ሱፍ ለብሶ፣ የበግ ቆዳ ተነጥፎለት ለጥ ብሎ ይተኛል። አልጋውም ካለ አይጠላም። የቀረውን ማሪት ራሷ ታሳይዎታለች።

የልብስ ማጠቢያውን ወሬ አንብቤ ጎኔን እስኪያመኝ ሣቅሁ።

ሰርካዲስ


ዳላስ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርካዲስ፣ በሕይወት ካለሽ እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ከዚህ የረዘመ ሰላምታ የለኝም።

«የቀረውን ማሪት ራሷ ታሳይዎታለች» ብለሽ ጽፈሽ ነበር። አሳየችኝ።

በዓሉ ደህና አለፈ። «ታክ ፎር ሲስት» ስላት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ገንፎውን ሠራሁ፤ ለውዟ ለኔ ለራሴ ደረሰችና ማሪት አጨበጨበች። «እማዋይሽ» አለችኝ፣ ዋጥኩት። አይቡንም ዋጥኩት። ኤልያብ ጣቴን ይዞ አልለቅም ይል ነበር። ደረቴ ላይ ሲተኛ የነጠላዬን ጫፍ ይጨብጣል።

ከጥምቀት በኋላ የሰሜኑ ንፋስ መጣ። ማሞቂያዬ በዚያው ሰሞን ተበላሸ፤ ሠሪው ዛሬ ነገ ይለኛል። ያን ጠዋት ያፌት በተከራየው መኪና ሥራ አድርሶኝ፣ ጓደኛውን ፍቃዱን ሊያይ ወደ ፎርት ዎርዝ ሄደ። ብርዱ ስለበረታ ከሥራ ቀድመው ለቀቁን፤ ከየትምወርቅ ጋር በባቡር ተመለስን። መኪና ማቆሚያውን አቋርጠን ወደ ደጄ ስንደርስ ጋሪው ውጭ ቆሟል። ባዶ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ልጁ ውስጡ ተኝቷል። ብቻውን። ጉንጩ ቀልቷል፣ አፍንጫው በረዶ ሆኗል። መንገደኛው ሁሉ ፊቱን እያየው ያልፋል። እኛ የተኛ ሕፃን ፊት ለጎረቤት እንኳ ገልጠን አናሳይም!

«ውይ በማርያም! ማን ጥሎት ነው?» አለች የትምወርቅ።

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች» አልኳት። በዚያች ሰዓት እንኳ ያንቺን ትምህርት እጠብቅ ነበር።

ገባሁ። ማሪት ልጁ ሌሊቱን ስላስነቃት ተኝታለች፤ በሯ ተዘግቷል። ለማንኳኳት እጄን አነሣሁ። ሰርካዲስ፣ እጄ በሩ ላይ ሊያርፍ ሲል አንቺን አስታወስኩና አወረድኩት። የገዛ እናቷ እንኳ አታንኳኳም ብለሻላ! ወረቀት ጽፌ በሩ ሥር ልተውላት አሰብኩ፤ የኔን ፊደል ደግሞ እሷ አታነብም። የኔ ቤት ከውጭው አይሞቅም። ስለዚህ ልጁን ከነብርድ ልብሱ አቅፌ የትምወርቅ ቤት ፎቅ ወጣሁ። እሷ ማሞቂያ አላት።

ልጁ ደረቴ ላይ እንደተኛ ጩኸት ሰማሁ። ድምፅ ከፍ አታደርግም ያልሽኝ ሴት በካልሲዋ መኪና ማቆሚያው መሀል ቆማ «ኤልያብ! ኤልያብ!» እያለች ትጮሃለች። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አንዱ ለፖሊስ ኮል አደረገ። እኔ በዚህ ጉልበቴ ደረጃውን እየተንገዳገድኩ ስወርድ ልጁን ከእጄ ነጠቀችኝ። አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ፊቷን አዞረች፣ በቃ።

ያፌት ከፖሊሱ ጋር እኩል ደረሰ። «እማ፣ ምን አደረግሽ?» አለኝ። ማሪትን አይደለም የጠየቀው፣ እኔን ነው። ፖሊሱ ጠየቀ፣ ያፌት አስተረጎመ፣ እኔ መለስኩ። ፖሊሱም ጽፎ ሄደ። እነሱ ዕቃቸውን ይዘው ሆቴል ገቡ፤ ከዚያም በረሩ። ልጁን እንድስመው እንኳ አላመጡልኝም። የየትምወርቅ አልጋ ባዶውን ቆሟል።

ሥራሽ ሕፃን ማስተኛት ነው። የት እንደምታስተኚ ለምን አልነገርሽኝም?

እማዋይሽ


በርገን፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ እማዋይሽ፣

ጾሙን የብርታት ያድርግልዎ። ይህን ለመጻፍ ስንት ወረቀት ጀምሬ ቀደድኩ፤ መዘግየቴን በክፉ አይዩብኝ።

አዎ፣ እዚህ ሕፃን ቀን የሚተኛው ውጭ ነው። በረዶ ቢጥልም። ሱፍ ያለብሱታል፣ ድምፁን ወደ ቤት የሚያስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ ከጎኑ ያስቀምጣሉ፤ እናቱ ውስጥ ሆና ታዳምጣለች። ንጹሕ አየር ሰውነት ያጠነክራል፣ እንቅልፍ ያረዝማል ይላሉ። እኔም ከምሳ በኋላ ጋሪዎቹን በረንዳው ላይ ደርድሬ በመስኮት እጠብቃቸዋለሁ። አይታመሙም፣ አክስቴ። ማሪትም እናቷም ያደጉት እንዲሁ ነው። ያን ቀንም መሣሪያው ጋሪው ውስጥ ነበር። እርስዎ ልጁን ብቻ አንሥተው ሲሄዱ መሣሪያው ዝም አለ፤ ድምፅ ስላልቀሰቀሳት እሷም እንቅልፏን ቀጠለች።

ለምን እንዳልነገርኩዎ ጠየቁኝ። ሥራ የጀመርኩ ጊዜ ለእማዬ ብነግራት «ልጅ ማቀዝቀዝ ነው እንዴ ሥራሽ?» ብላ ሰፈሩን በሙሉ አሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ ለአገር ሰው አላወራም። እርስዎም ቢሰሙ ማሪትን በክፉ ዓይን ይቀበሏታል ብዬ ፈራሁ።

አሁን ሌላ ነገር አሳስቦኛል። ለፖሊሱ «ልጁን ውጭ ያስተኛሁት እኔ ነኝ» ብለዋል አሉ። ልጁን ያወጣችው ግን ማሪት ናት፤ እሷም ለእኛ አልካደችም። እዚህ ሰው ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ ለፖሊስ አይናገርም። ስለዚህ ማሪት እርስዎ መርሳት ጀምረዋል ብላ አምናለች፤ ልጁን ወስደው ያልነገሯትም ለዚህ ነው ትላለች። ያፌትን ብጠይቀው «እማ ደክሟታል» አለኝ። ሐኪም ቢያዩ ምን አለበት? ማሪት ልጁን ከእርስዎ ጋር ብቻውን ላለመተው ወስናለች። አጭር የይቅርታ ቃል ይጻፉላት፤ እኔ እተረጉመዋለሁ። ልቧ ክፉ አይደለም።

ያፌትም አንድ ነገር ይለምንዎታል። ለሚቀጥለው ገና ሊመጡ ያስባሉና፣ ስለዚያ ቀን የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ለፖሊሱ ያሉትን እንዳይለውጡ አደራ ብሏል።

ሰርካዲስ


በርገን፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ፤ ፋሲካውም ያለ እርስዎ ቃል አለፈብኝ። ዝም አሉኝ። ስልክም አያነሡም።

ከትናንት በስቲያ የኖርዌዮች ብሔራዊ በዓል ነበር። ወታደር ሳይሆን ልጆች ናቸው በሰልፍ የሚያልፉት፤ ባንዲራ ይዘው፣ ከየትምህርት ቤታቸው። የዚያን ቀን ልጅ የፈለገውን ያህል አይስክሬም ቢበላ ማንም አይቆጣውም። ሴቶቹ የየአካባቢያቸውን የባህል ልብስ ይለብሳሉ። የማሪት ልብስ ከአያቷ የወረደ ነው፤ ደረቱ ላይ የብር ጌጥ አለው። ኤልያብ በያፌት ትከሻ ላይ ሆኖ ባንዲራውን ይበላ ነበር። መራመድ ጀምሯል፤ ፎቶውን ልኬያለሁ።

እባክዎ ያችን የይቅርታ ቃል ይጻፉልኝ። ሁለት መስመር ትበቃለች።

ሰርካዲስ


ዳላስ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከአክስትሽ ከእማዋይሽ፣ ለሰርካዲስ።

ልጁን በእግሩ ያቆመ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፤ ፎቶውን ለላክሽበት እጅሽም ጤና ይስጥልኝ። ምርቃቴ ይኸው ነው። አሁን ስሚኝ።

መርሳት አልጀመርኩም። ፖሊሱ «ልጁን ውጭ ያስቀመጠው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ማሪት አፏን ልትከፍት ነበር። አየኋት። ልክ እንደ ጀግና ቀጥ ብላ «እኔ» ልትል ነበር። የኛ ግቢ ሴቶች ምን እንደሚፈሩ አታውቅም። ልጇን ደጅ ትታ የተኛች እናት ልጇ በመንግሥት ሊወሰድባት ይችላል ሲባል እዚህ ስንሰማ ነው የኖርነው። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም፤ የማጣሪያ ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ቀደምኳት። «እኔ ነኝ» አልኩ። ከኔ የሚወስዱት ልጅ የለም፤ የነበረኝን አንቺ ወስደሻል።

ያፌት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አስተረጎመው። ያፌት ያውቃል! ያን ጠዋት ሥራ ያደረሰኝ እሱ ነው፤ ስንወጣ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ቁርሱን እየበላ ነበር። ለሚስቱ «እማ ይህን ያለችው አንቺን ለማዳን ነው» ማለት አቃተው። እኔን ሕመምተኛ ማድረግ ቀለለው። ደክሟታል ካለ፣ ረስታለች ካለ፣ ያልሽውን አትለውጪ ብሎ የሚለምነኝ ለምንድን ነው? የረሳ ሰው ይለመናል? አንቺስ ይህን በገዛ እጅሽ ጽፈሽ እንዴት አላየሽውም?

እዚህ ቴክሳስ ልጅ ብርድ ላይ ያስተኛሁ ሴት ሆኜ ተጽፌያለሁ። እዚያ ኖርዌይ ደግሞ ውጭ የተኛን ልጅ ወደ ሙቀት ያስገባሁ ጥፋተኛ ነኝ። አንዱ ጥፋት ከሆነ ሌላው ደግ ሥራ መሆን ነበረበት። ለኔ ሲሆን ሁለቱም ጥፋት ሆኑ።

ማሪትን አልጠላኋትም። ልጄ ጠፋ ብላ በካልሲ በዚያ ብርድ የሮጠች እናት አትጠላም። እኔም ጫማ አስወለቅሁ፣ ስሜን እንደፈለገች እንድትጠራው ሰጠኋት፣ በሯን አላንኳኳሁም። ያወቅሁትን ሁሉ አደረግሁ። የኔን ወግ ግን የጠየቀ ማን ነው? የተኛ ሕፃን ፊት ከመንገደኛ እንደሚሸፈን አንድ ቀን ነግረሻት ታውቂያለሽ? አያቱ ልጁን ብታነሣ ሰረቀች እንደማይባል ነግረሻታል? ለኔ የሷን አገር ግማሹን አስተማርሽኝ፤ ለሷ የኔን ምንም። መሀል የቆመ ሰው ለሁለቱም ወገን ይናገራል እንጂ በአንዱ አያፍርም።

ለገና ይምጡ። ልጁንም ውጭ ታስተኛው፤ እኔ ወንበሬን አውጥቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ያን መሣሪያችሁን አልነካም። ከመንገደኛ ዓይን ግን በነጠላዬ እጋርደዋለሁ፤ ይህን ከወዲሁ ንገሪያት። በሯን ከዘጋች በኋላ ልጁን ማንሣት ካለብኝም አንኳኳለሁ፤ አጥብቄ። ልጁን ለኔ ማመን ካልቻለች እሷም ወንበር ይዛ ከጎኔ ትቀመጥ። ቦታ አለ።

ይህን ደብዳቤ ለሁለቱም አንብቢላቸው። ለማሪት ሙሉውን ተርጉሚላት፤ አንድም መስመር እንዳትዘይ። የይቅርታ ቃል ብትፈልጊ የለበትም። ለያፌት ደግሞ እናትህ እንዲህ አለች በይው፦ ፖሊስ ቢመጣ፣ ቄስ ቢመጣ፣ የሚስትህ እናት ቢጠይቁኝ፣ ኤልያብ ራሱ አድጎ ቢጠይቀኝ፣ «ልጁን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ከእንግዲህ አልልም።